ሩሐማ ዳቦውን እምቢ ያለች ዕለት

ሩሐማን የማያውቅ ሰው ጀልባዋ ላይ የሆነውን ቢሰማ «ደፋር ናት» ይላል። ደፋር! እኔ ማኅሌት፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብሬያት የምኖረው፣ ልንገራችሁ። ሩሐማ የባጃጅ መልስ ሲቀርባት እንኳ «ይቅር፣ ዝርዝር አጥቶ ይሆናል» ብላ የምትወርድ ልጅ ነበረች። ለዚህ ነው ያ ቅዳሜ ትዝ ባለኝ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ የምለው።

ሥራዋ መጻፍ ነው። ደመወዝ የላትም፣ ቢሮ የላትም፤ ያላት አንድ ላፕቶፕና አንድ ጥሩ ጆሮ ነው። ለሠርግ ንግግር፣ ለሱቅ ማስታወቂያ፣ ለሬዲዮ ጭውውት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀብር ላይ ለሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሰዎች ይፈልጓታል። ሌላው የሚጽፈውን ታውቁታላችሁ፤ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እየተባለ ይቀጥላል። እሷ የጻፈችው ሲነበብ ግን ለቀስተኛው ለቅሶውን ገትቶ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ በማላውቀው ሰው ቀብር ላይ ሳቅ አምልጦኝ አፌን በነጠላዬ ይዣለሁ።

አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ቃል ተመርጦ እንደሚነገር ከልጅነቷ ስታይ ያደገች ናት። አሠራሯ ግን የራሷ ነው። ደብተር አታወጣም፣ ድምፅ አትቀዳም። ሰዎቹ ቤት ትሄድና የተገኘውን ሥራ ታግዛለች። ምስር ትለቅማለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዝም ትላለች። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰማው ሲያገኝ ሆዱን ይከፍታል። «ይህንስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም» የሚለው ቃል እስኪመጣ ድረስ አንድ መስመር አትጽፍም። እኔ በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝና «ሰዓትሽ እኮ ነው የሚባክነው!» እያልሁ እጮህባታለሁ፤ እሷ ሽንኩርቷን ትልጣለች።

አቶ ግሩም የመጣው ይህን ዝናዋን ሰምቶ ነው። የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው። ሳቂታ፣ ቸር፣ ሰላምታው ትከሻ የሚያወልቅ ሰው ነው። አባቱ ጋሽ ገብረ ሕይወት በጀልባ የሚኬድበት ዘጌ ነው የተቀበሩት፤ የሙት ዓመታቸውን ተዝካር እዚያው ሊያወጣ አስቦ፣ ለዕድምተኛው የሚታደል የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ እንዲሆን ፈለገ። «ዋጋሽ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ጠይቋታል እኮ! ታዲያ ምን አለችው መሰላችሁ? «እርስዎ እንዳዩት።»

እንዳዩት! የያዝሁት ብርጭቆ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ውል የለ፣ ቀብድ የለ፣ ዋጋ የለ። «የሞተ አባት ይዞ በመጣ ሰው ላይ ዋጋ መደራደር ነውር ነው፣ ማኅሌት» አለችኝ። የእኛ አገር ሰው የሚዘረፈው እንዲህ ነው፤ ከሌባው በፊት ይሉኝታው ኪሱ ይገባል። ጮኼ ጮኼ በመጨረሻ ደውላ ዋጋዋን ተናገረች። እሱም ሳያቅማማ «ችግር የለም እህቴ፣ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አላት። ቤተሰብ ነን የሚል ደንበኛ ሲገጥማችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ክረምቱ ወጥቶ በጋው እስኪገባ ሠራችበት። የሰውየውን የጥንት ጓደኞች ፍለጋ ማክሰኝት ድረስ ሄደች። ዘጌ ከቡናው ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣ ዋለች። የግሩም እናት እማማ አገርነሽ ጓዳማ ቤቷ ሆነ። ጽፋ ጨርሳ ስታነብልኝ እኔ፣ በሠራተኛው ሁሉ ዘንድ ድንጋይ የምባለው፣ አለቀስሁ። ግሩም ጽሑፉን ተቀበለ፣ ማተሚያ ቤት ሰጠ፣ አሳተመ። ገንዘቡ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ከዚያ የማስከፈሉ ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ ወደ መደብሩ የሄደችው በምሳ ሰዓት ነበር። «ሩሐማ! ነይ እንጂ እንብላ!» አላት። ተቀመጠች። «ጋሽ ግሩም፣ ያቺ ነገር…» ብላ አፏን ስትከፍት ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ገባ። «አንድ ያጣላል!» ብሎ ሁለተኛውን አስከተለ። አኝካ እስክትውጥ ደንበኛ ሊያስተናግድ ተነሥቷል። የሰው እህል ቀምሶ፣ እጅ ሳይደርቅ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ እንዴት ይሆናል? ታጥባ፣ መርቃው ወጣች። መርቃው!

በሚቀጥለው ጊዜ እኔ ራሴ አብሬያት ሄድሁ። ቁርሴን ጠግቤ፣ የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼ፣ ቁጣዬን ይዤ ገባሁ። ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ መጣ። ምን ልበላችሁ፣ ሆዴ ከዳኝ። ግሩም እኔንም ሁለት ጊዜ አጎረሰኝ፣ ስለ አለቃዬ ጠየቀኝ፣ አሳቀኝ፣ እስከ በር ሸኘኝ። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው ሩሐማ «ነገርሽው?» ያለችኝ። ራሴን በጥፊ ልመታው ነበር።

በስልክ ስንሞክረው ደግሞ አንድ ቀን ባንኩ ሲስተም የለውም፣ ሌላ ቀን ሒሳብ ያዧ ወልዳለች። በመጨረሻ መረረውና እውነተኛ ሐሳቡን አወጣው። «ቆይ፣ ታሪኩ የአባቴ፣ የነገረችሽ እናቴ፣ ያሳተምሁት እኔ። አንቺ ወረቀት ላይ አሰፈርሽው እንጂ ምን ጨመርሽበት?»

ይህ ቃል ከገንዘቡ በላይ ቆረጣት። አላለቀሰችም፤ ላፕቶፑን ዘጋችና «ልተወው ነው» አለች። ግሩምን መስሎኝ ነበር። መጻፉን ኖሯል። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፏል፤ ላፕቶፑን የሚገዛ ሰው አግኝታለች፣ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይወስዳል። ከዚያ ሐሙሲት ከተማ ካለው የአጎቷ የእህል መጋዘን ትገባለች፤ ጆንያ እየቆጠረች ልትኖር። ያቺ ሩሐማ ጆንያ ስትቆጥር! ተናደድሁ፣ ሰደብኋት፣ ለመንኋት። «ግሩም ቢከፍለኝ ኪራዩን ከፍዬ እቆይ ነበር። አልከፈለኝም» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ዕለት እማማ አገርነሽ ደወሉ። «ልጄ፣ ነገ በጀልባ አብረን ነው የምንሄደው። ያለ አንቺ ተዝካሩ አይሞላልኝም» አሏት። ለእሳቸው እምቢ ማለት አልቻለችም። እኔም ተከተልኋት። ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዛሬ ከእጁ አልበላም።» እኔ እንደ ቀልድ ሰማኋት።

ጀልባዋ ሞልታለች። ነጭ የለበሱ ዘመዶች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ የመጽሐፉ ካርቶኖች፣ ሽታው ሐይቁን የሞላው ድፎ ዳቦ በየሌማቱ። ዳር ላይ ወደ ገዳማቸው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣ በግሩም ቸርነት ያለ ሒሳብ ተሳፍረዋል። ነጂው ባምላክ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ዘጌ አቀናን። ደረቱን ነፍቶ መሐል ላይ የቆመው ግሩም ዳቦውን እየቆረሰ ያድል ጀመር፤ «ስለ አባቴ ነፍስ፣ ስለ አባቴ ነፍስ» እያለ። ሩሐማ ጋ ደረሰ። እንደ ልማዱ ወደ አፏ ዘረጋላት።

«አልበላም» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፣ ግን ጀልባ ላይ የተባለ ነገር የት ይሄዳል? ሰው ሁሉ ዞረ። ግሩም ሳቅ ብሎ «ኧረ አንድ ያጣላል…» ሊል ሲጀምር፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል መቋሚያቸውን አነሡ።

«ቆዪ ልጄ» አሏት። «የተዝካር እህል እንዲህ በአደባባይ አይመለስም። ወይ ታመሻል፣ ወይ ተቀይመሻል።»

«አልታመምሁም፣ እማሆይ» አለች ሩሐማ።

ሁሉም ገባው! አንዲት ሴት «እሰይ» ስትል ሰማኋት፤ ለምን እሰይ እንዳለች አላውቅም፣ ነገር ወዳድ ትሆናለች። እማሆይ ግን ፊታቸው ጠነከረ። «ቂም ይዘን ስለ ሙት ብንጸልይ ጸሎቱ ከዚህ ጀልባ በላይ አይወጣም። ድሮ መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነበር፤ በሕግ አምላክ ሲሉት ቆሞ ሰምቶ ይፈርዳል። እኔም መንገደኛ ነኝ። ተናገሪ።»

ሩሐማ ቆመች። «መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ግሩም በተስማማንበት ዋጋ ጻፊልኝ አሉኝ፣ ጻፍሁ። ገንዘቤን ስጠይቅ ያጎርሱኛል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ በላሁ፣ አፌን ሞልተው መለሱኝ። ዛሬ አፌን ባዶ ይዤ መጣሁ።»

ከጀልባዋ ጫፍ እስከ ጫፍ «አዬ!» ተባለ። እማማ አገርነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ጀልባዋ ዘንበል አለች። «ግሩም! ከፈልሁ አላልኸኝም?»

ያ ሳቂታ ሰው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እማዬ፣ እከፍላታለሁ አላልሁም? ግን እናንተው ፍረዱ። ታሪኩ የቤታችን ነው! አባቴ የኖረውን ኑሮ ለእኔ መልሳ ልትሸጥልኝ ነው?»

እማሆይ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው አሰቡ። «እውነት አለው» ሲሉ ነፍሴ ወጣች። «ታሪኩ ያንተ ከሆነ እንግዲያ ንገረን። መንገዱ ገና ነው።»

ግሩም ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ ጋሽ ገብረ ሕይወት ዘጌ ተወለደ። በንግድ ሥራ ተሰማርቶ… እ… ደግ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይረዳል። ሠርቶ አደር፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ…» አንዱ አዛጋ። ባምላክ ቶሎ ደርሶ ሊገላገል ነው መሰል፣ ሞተሩን ጨመረው። «ይኸው ነው» አለ ግሩም።

«አንቺስ?» አሉ እማሆይ።

ሩሐማ እማማ አገርነሽን አየቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ጀመረች።

«ጋሽ ገብረ ሕይወት ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ከዘጌ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ እንጨት ያመላልሳሉ። አንድ ዓመት ለንግሥ ከሐይቁ ማዶ ከማክሰኝት ወገን የመጣች አንዲት ልጅ አዩ። ከዚያ ወዲያ እንጨቱን የት እንደሚያራግፉ ጠፋባቸው።» ሰው ሁሉ ወደ እማማ አገርነሽ ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አወጡት። «ሽማግሌ ላኩ፣ አባቷ መለሱ። ደግመው ላኩ፣ መለሱ። ለውሃ ሰው ልጄን አልሰጥም፤ የውሃ ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም አሉ። ሽማግሌዎቹ አልፋታ ሲሏቸው ግን፣ የጊዮርጊስ ዕለት ራሱ ይምጣ፤ ዕለቱ ካለፈ ስሙን እንዳታነሡብኝ አሉ። በዚያ ክረምት ጎርፉ የየብሱን መንገድ ቆርጦታል። ጊዮርጊስ ደርሷል። ጋሽ ገብረ ሕይወት ሐይቁን በታንኳ ሊያቋርጡ ተነሡ።»

«በደንገል?» ብሎ ጮኸ ባምላክ። ሞተሩን ቀነሰው። «እንዲህ ያለ እብድ!»

«ለእሷ ካባ፣ ለአባቷ አንድ ጆንያ የዘጌ ቡና ጫኑ። መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ታንኳው ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ። ቡናውን ወረወሩት። ትንሽ ቀና አለ። ነፋሱ ባሰ። ካባውን አነሡት፣ አዩት፣ ሳሙት፣ ወረወሩት። አሁን ከመቅዘፊያው በቀር የቀረ ነገር የለም።»

ሞተሩ ጠፋ! ባምላክ ጭራሽ አጥፍቶት ነው። «ምነው ቆምን?» አለ ግሩም። «በሞተሩ ጩኸት አይሰማም እኮ!» አለው ባምላክ። ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ ቀስ ብላ ትንሳፈፋለች።

«ውሃው ወገባቸው ደርሷል። የብሱ በሩቁ ይታያል፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ነገ ጊዮርጊስ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ገብረ ሕይወት መቅዘፊያውን…»

ሩሐማ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«መቅዘፊያውን ምን?» አለች ያቺ እሰይ ባይ ሴት። «ኧረ ከዚያስ?» አለ ሌላው። ሰው ተንጫጫ። አንድ ዘመድ እጁን ወደ ካርቶኑ ሲሰድ እማሆይ በመቋሚያቸው መቱት። «ያልተከፈለበት ነው! ማንም እንዳይነካው!» እማማ አገርነሽ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉበት። እኔ በደስታ የጎረቤቴን ክንድ ቆንጥጫለሁ።

«ግሩም» አሉ እናቱ፣ ካርቶኑ ላይ እንደ ተቀመጡ። «አንተ አሳትመኸው የለም እንዴ? ንገራቸዋ። መቅዘፊያውን ምን አደረገው?»

ግሩም ሰውን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ሐይቁን አየ።

«አላነበብሁትም» አለ።

ይህን ሲል ያ ትልቅ ሰውዬ ድንገት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ መሰለ። ስቆ የሚያመልጥበትን ፈልጎ አጣ። ከዚያ፣ ለዳኛዋም ለእናቱም ሳይሆን፣ ለሩሐማ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» አላት። እዚያች ጀልባ ላይ ከሁሉ ይልቅ የጓጓው እሱ ነበር።

«ፍርዱ ግልጽ ነው» አሉ እማሆይ። «ከፍለህ ስማ።»

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም! ሐይቁ መሐል ምን ኔትወርክ አለ? ባምላክ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ የብሱ ነዳ። ግሩም ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ከፊት ቆመ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ አንጋጠጠ። «መጣ?» «አልመጣም!» «ወደ ግራ በል!» «መጣ! መጣ! ሄደ!» ዘመዶቹ እየተጋፉ ወደ ፊት ሲሄዱ እማሆይ «ልታሰጥሙን ነው!» ብለው መለሷቸው። በመጨረሻ የዘጌ ጫካ ቁልጭ ብሎ ሲታይ የሩሐማ ስልክ ጢው አለ። አየችው። እኔም በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥዬ አየሁት። ሙሉው ነው! ከአፌ የወጣው እልልታ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ሴቱ ሁሉ ተቀበለኝ፣ የሐይቁ ወፎች ብር ብለው ተነሡ።

ሩሐማ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? ደወለች። «ሰላም፣ ስለ ላፕቶፑ ነበር። ሰኞ እንዳይለፉ፤ አልሸጠውም» አለችና ዘጋች። እንባዬ መጣ፤ ድንጋይዋ ሴትዮ እንደገና አለቀስሁ።

«አሁን ብዪ» አሏት እማሆይ። ግሩም ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ከአፏ ፊት ሲደርስ ግን ቆመና «መጀመሪያ ጨርሺልኝ» አላት።

«መቅዘፊያውን ከክንዳቸው ጋር አሰሩት። ከታንኳው ወርደው፣ የራሰውን ደንገል በደረታቸው እየገፉ ሲዋኙ አደሩ። የብስ ሲነኩ ነግቷል። ከዚያ እስከ ማክሰኝት ሮጡ። ቅዳሴ ሳይወጣ ከደጁ ደረሱ፤ ልብሳቸው እርጥብ፣ እጃቸው ከመቅዘፊያው በቀር ባዶ። ምን ይዘህ መጣህ? አሏቸው አባትየው። ቡናም ካባም ነበረኝ፣ ሐይቁ ወሰደው፤ የቀረኝ ዕለቱ ብቻ ነው አሉ። አባትየው ከእግር እስከ ራሳቸው አይተዋቸው፣ ዕቃ የሚያመጣ ሞልቷል፤ ባለው ቀን የሚመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ፤ ግባ አሏቸው።»

«እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ!» አሉ እማማ አገርነሽ፣ እየሳቁና እንባቸውን እየጠረጉ። «ልብሱ ሲንጠባጠብ ሁሉ ይሰማኛል!»

«እማዬ፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ግሩም።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉት። «እሷ ሽንኩርቴን እየላጠች ጠየቀችኝ።»

ግሩም ሩሐማን አጎረሳት። አንድ ያጣላል አላለም፤ እሷ ናት አፏን ሞልታ ሁለተኛውን በጣቷ የጠየቀችው። ሳቁ ገና ሳይበርድ ባምላክ ከኋላ ተጣራ። «እህቴ! የእኔም አባት እዚህ ሐይቅ ላይ ጉድ ሠርተዋል። ብትጽፊልኝ ስንት ታስከፍያለሽ?» እኔ ትንፋሼን ያዝሁ። ሩሐማ ዳቦዋን ዋጠች፣ ዋጋዋን ቁልጭ አድርጋ ተናገረች፣ ቀጥላም «ግማሹ ቀብድ» አለች። ከእኔ የተማረችው ነው! ባምላክ መሪውን በጉልበቱ ይዞ ስልኩን አወጣ።

ወደቡ ላይ ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው ይጠብቁናል። ሰው ሁሉ ወረደ፣ እማሆይ ተደግፈው ወረዱ፣ ካርቶኖቹ ወረዱ። አንዱ ካርቶን ግን ተከፍቷል። ግሩም ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ያነባል።

«ግሩም! ካህናቱ ቆመዋል እኮ!» አሉ እናቱ።

«መጣሁ እማዬ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ይህችን ገጽ ልጨርስ።»